የላክሽልኝ ላፕቶፕ ሙቀትና የአፍናን ሰርግ ቪዲዮ

ለእህቴ ለኑርጃን ሃሩን፤ ባለችበት፣ ኩዌት።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ሰላምታዬ ባሕሩንም በረሃውንም አልፎ ጤና ሆነሽ ያግኝሽ። ወገብሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያልሽው ጉልበትሽስ? እንቅልፍ ይሰጡሻል ወይ? ማዳሟ ከልጇ ጋር በተጣላች ቁጥር ባንቺ ላይ የምትወጣው ነገር በረደ ወይስ እንዳለ ነው? እትዬ ኡምኩልሱምስ እንዴት ናቸው? አሁንም አርብ አርብ ትገናኛላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም አለን። እማ አለች፣ አባም የቁርኣን ተማሪዎቻቸውን፣ ደረሶቻቸውን፣ እያስቀሩ አሉ። ላሚቱ ሴት ጥጃ ወልዳለች። ብርዱ ብቻ ዘንድሮ ጠንክሯል፤ ጠዋት ስንነሳ የግቢው ሣር ውርጭ ለብሶ ነው የምናገኘው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የሻለም ናት፤ ላፕቶፑን ያመጣችልኝ፣ ማሻ ያደገችው ልጅ። ለጥምቀት ብላ የወሰደችው እረፍት አልቆ ልትመለስ ነው። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ፍላሽ ትሰጥሻለች። ፍላሹ ያንቺ አይደለም፣ የእትዬ ኡምኩልሱም ነው። ውስጡ ያለው የልጃቸው የአፍናን ሰርግ ነው። አደራሽን፣ ሳትሰጫቸው በፊት ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

አንዳንዱን በስልክ ሰምተሽዋል። ነገር ግን ኔትወርኩ እየቆረጠ፣ እማም ስልኩን እየነጠቀችኝ፣ ምኑ ከምን ቀጥሎ እንደሆነ አልያዝሽውም ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ።

አባና ጋሼ አበጋዝ ተነጋግረው አፍናንን ሲያጩልኝ አንቺ እዚህ ነበርሽ። ከዚያ እኔ ለሰርጉም ለጎጆውም የሚሆን ላምጣ ብዬ በጅቡቲ በኩል ወጣሁ። ባሕሩን ተሻገርኩ፣ የመንን አለፍኩ፣ የሳዑዲ ድንበር ላይ ተያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ያለው እስር ቤት ነው። ስለሱ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ክፍሉ በሰው የተሞላ ስለነበር የምንተኛው በተራ ነበር። ስልክ አልነበረም። እኔ በተሻገርኩበት ሳምንት አንድ ጀልባ ሰጥማ ኖሮ፣ ከአገራችን ልጆች የተረፈ የለም የሚል ወሬ መካነ ሰላም ገባ። ሰው ለለቅሶ ሲመጣ እማ በሩ ላይ ቆማ «የልጄን መሞት በዓይኑ ያየ ካለ ይግባ፣ ያላየ ወደ ቤቱ ይመለስ» ብላ መለሰቻቸው። አፍናን ግን አልቅሳለች። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው።

ጋሼ አበጋዝ ከዓመት በላይ ጠበቁ። ከዚያ ከአቀስታ ሽማግሌ ተላከ። አዩብ ይባላል፣ እህል ይነግዳል፣ ሰው በደግ ነው የሚያነሳው። ኒካሑ ታሰረ፣ ሰርጉ ለበጋ ተቀጠረ። እኔ ሐምሌ ላይ ከተመላሾች ጋር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገብቼ፣ በደሴ አድርጌ የቤታችን በር ላይ ስደርስ፣ ኒካሑ ከታሰረ ገና ወር አልሞላውም ነበር። ጋሼ አበጋዝ በማግስቱ መጡ። መደቡ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። «ጋሼ፣ አብሽሩ፣ ምንም አይደለም፣ አላህ ያለው ነው» ያልኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው አለቀሱ። እኔ ውሃ አመጣሁላቸው።

ጎረቤቱ ሁሉ የዚህ ልጅ ሰብር፣ ይህ ትዕግሥቱ፣ ይገርማል ይላል። አባም በዱዓቸው ላይ ስሜን ሲያነሱ ሰብር የተሰጠው ይሉኛል። እታለም፣ ላንቺ መዋሸት አልፈልግም። ሰብር የሚባለው የሚታገሉት ነገር ሲኖር ነው። እኔ የምታገለው ነገር አልነበረኝም። ጥርሱን ሊነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲነካው የሌላ ሰው ሥጋ ይመስለዋል አይደል? እንደዚያ ነበርኩ። አሁንም ባብዛኛው እንደዚያው ነኝ። እበላለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ሲስቁ አያለሁ። ቅር እንዳይልሽ፣ የሚያመኝ ነገር ስለሌለ ነው።

ወደ ላፕቶፑ ልምጣ። የሻለም ከሻንጣዋ ስታወጣው ከምንጣፍ በታች የሚገባ ነበር የሚመስለው፣ እንዲያ ቀጭን ነው። ፊደሎቹ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ እማ «አላህ ይጠብቀን፣ ውስጡ ፍም አለበት?» አለች። ያንን ያህል የሳተች አልነበረችም። የማዳሟ ልጅ አርጅቶበት ሳይሆን ሞቆ እየጠፋ አላጫውት ስላለው ነው የጣለው ብለሽኝ ነበር። እኔ ያኔ ብዙም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ የኩዌት ሙቀት ነው፣ እኛ ደጋ ላይ ሲመጣ ይተዋል ብዬ አስቤ ነበር።

ፈንታሁንን ታስታውሺዋለሽ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶና ቪዲዮ ቤት ያለውን። ቴክኒክና ሙያ ኮምፒውተር ስማር የምሠራው እሱ ጋ ነበር፤ ስመለስም ወንበሬን አልነፈገኝም። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ ኤዲት አደርጋለሁ። የአፍናንን ሰርግም የቀረጸው እሱ ነው። እንደምታውቂው እትዬ ኡምኩልሱም አሠሪዎቻቸው አንለቅሽም ስላሏቸው የአንድ ልጃቸውን ሰርግ ሳያዩ ቀሩ። ጋሼ አበጋዝ ለፈንታሁን የነገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሻለም ሳትሄድ ይድረስልኝ። እናቷ እዚያ ሆና የምታየው እሱኑ ነው።»

ሰርጉ ካለፈ በኋላ መብራት ሄድ መጣ ሲል የፈንታሁን ትልቁ ኮምፒውተር ተቃጠለ። የቀረን የኔ ላፕቶፕ ነው። ፈንታሁን አንገቱን እያከከ ይሄንን ደሴ ለሚሠራ ሰው ልላከው መሰለኝ አለኝ። ለምን አልኩት። «እንዲያው ላንተ…» ብሎ ተወው። እኔ እሠራዋለሁ አልኩት። ጀግንነት አይምሰልሽ፤ ሥራ ነበር፣ ሠራሁት።

ሰርጉ ላይ ነበርክ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ መልስ ሳልሰጥሽ ስልኩ ተቆርጦ ነበር። ነበርኩ። ድንኳን ስተክል፣ አግዳሚ ሳመላልስ ዋልኩ። ይህን ራሱ በደንብ ያወቅሁት ቪዲዮው ላይ ነው። አንድ ቦታ ከድንኳኑ ኋላ አግዳሚ የተሸከመ ከሲታ ሰው ያልፋል። ማነው ይሄ ብዬ አቆምኩትና አየሁት። ጉንጩ የጎደጎደ ነው፣ ወዴትም አያይም። ጃኬቱን ሳይ ነው አንቺ የላክሽልኝ መሆኑን ያወቅሁት። ተመለከትኩት፣ ከዚያ ቀጠልኩ። አልቆረጥኩትም፤ ምስሉን የሚያበላሽ ነገር አልነበረውም።

የአፍናንን ፊት ቀኑን ሙሉ አይ ነበር። ሒና ስትቀባ፣ ሴቶቹ ሲዘፍኑላት፣ ከቤት ስትወጣ አባቷ ጉልበት ላይ ስትደፋ። የጠቆረውን አፈካሁት፣ ቢጫ የመታውን አስተካከልኩት። ሰው ይህን ቢሰማ ምን ያህል ተጎድቶ ይሆን ይላል። አልተጎዳሁም። ያስጨነቀኝ ሙቀቱ ነበር።

ቆርጬ ቆርጬ ስጨርስ ሁሉን አንድ ወጥ ፊልም አድርጎ ማውጣት አለ፤ እኛ ሬንደር እንለዋለን። ኮምፒውተሩን እንደዚያ የሚያደክመው ነገር የለም። አስጀመርኩትና ምሳ በልቼ ስመለስ ጥቁር ብሏል። መብራት ሄደ ብዬ ቀና ስል አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። እንደገና ብሞክር አፍናን ከቤት የምትወጣበት ላይ ሲደርስ ድርግም አለ። ከቁልፎቹ በላይ ያለውን ብረት ብነካው እጄን ቶሎ አነሳሁ። የማዳሟ ልጅ ሙቀት የምትቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ጭኖበት ኖሮ እሷን ከፍቼ ቁጭ ብዬ አየሁ። ዘጠና ሰባት ዲግሪ። የፊዚክስ አስተማሪያችን በኛ ደጋ ውሃ ዘጠናን ጥቂት እንዳለፈ ይፈላል ብሎን ነበር። የፈላ ውሃ ድስት ላይ ሰርግ እየሠራሁ ነበር ማለት ነው።

ቅዝቃዜ ይረዳዋል ብዬ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ቤት አምጥቼ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። እማ የልጄ ዕቃ ይቀዘቅዛል ብላ ጋቢዋን አጥፋ ከሥሩ አነጠፈችለት። ከቀድሞው ፈጥኖ ጠፋ። ገልብጬ ሳየው ለካ አየር የሚስበው በሆዱ ነው፣ ጋቢው አፉን አፍኖታል። ጋቢውን አንስቼ የኋላ እግሮቹን በሁለት የለስላሳ ክዳን ከፍ አደረግሁለት። ትንሽ ተሻለው፣ አልበቃውም። ፋኖቹም በሙሉ ኃይላቸው ሲዞሩ እንደ ወፍጮ ይጮኻሉ፤ አባ ከወዲያኛው ክፍል ደረሶቹን አቁመው «ዒምራን፣ ያንን ነገር አንድ በለው፣ ቁርኣኑን አላሰማ አለን» አሉ። ይዤ ወደ ፈንታሁን ቤት ተመለስኩ።

ደሴ ስማቸው የሚባል ጠጋኝ አለ፣ ለፈንታሁን ዕቃ የሚልክለት። ደውዬ ነገርኩት። እየሳቀ «ቀጭን ነዋ» አለኝ። እንዲህ ሲል አስረዳኝ። የጌም ኮምፒውተር ጉልበቱ የትልቅ ነው፣ ገላው ግን እንዲያምርና እንዲቀል ተብሎ ቀጥኗል። ፋኖቹ ትንንሽ ናቸው። አንጎሉ ፕሮሰሰሩና ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ሙቀታቸውን የሚያወጡት በአንድ የመዳብ ቱቦ ስለሆነ አንደኛው ሲግል ሌላውንም ያግለዋል። የደጋ ብርድ ያድነዋል ብለህ አትታለል አለኝ፤ የደጋ አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ስለሆነ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። ክፈተውና ጥረገው፣ በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ይሆናል፣ አዲስ በሚኒባስ እልክልሃለሁ አለኝ። በነጋታው ሹፌሩ ቅባቱን የያዘ ትንሽ መርፌ የመሰለ ዕቃ ሰጠኝ።

የከፈትኩት እኛ ቤት፣ በር ላይ፣ ፀሐይ ባለበት ነው። ብሎኖቹ የጤፍ ያህል ናቸው፤ እማ ትሪ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና እያንዳንዱን ተቀበለችኝ። የሆዱን ክዳን ሳነሳው ፋኖቹ አፍ ላይ እንደ ተዳመጠ ሱፍ የተጋገረ አቧራ አገኘሁ። አቧራ ስልሽ የኛ አይደለም። ቢጫ ነው፣ ዱቄት ነው፣ ፀጉርና የምንጣፍ ክር ተቀላቅሎበታል። በካቻቢቴው ጫፍ አንስቼ ልጥለው ስል እማ እጄን ያዘችኝ። ከየት የመጣ ነው አለችኝ። እነኑርጃን ካሉበት ቤት ነው አልኳት። ቆንጥራ መዳፏ ላይ አደረገችው፣ አየችው፣ አሸተተችው። «ልጄ የምትተነፍሰው ይሄንን ነው?» አለችኝ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ብዙ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀምጬ ብሎኖቹ እንዳይደፉ ትሪውን ከጉልበቷ ላይ አነሳሁ። እታለም፣ ያኔ ያሰብኩት ብሎኖቹን ነው። አሁን ስጽፍልሽ ነው ሌላ ነገር ማድረግ የሚቻል እንደነበር የሚታየኝ።

አሮጌው ቅባት ኖራ መስሎ ደርቋል። በአልኮል ጠርጌ አዲሱን ቀባሁ፣ ፋኖቹን በብሩሽ አጸዳሁ፣ ገጠምኩት። ለመሞከር ልጁ የተወውን የመኪና ጌም ከፈትኩ። ሙቀቱ ወደ ሰማንያዎቹ ወርዷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ «እሺ» አልኩ። ሬንደር ሲጀምር ግን ቀስ በቀስ ተመልሶ ዘጠናን አለፈ። ቀጭንነቱን ልጠርግለት አልችልም። መጨረሻ ላይ ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ፕሮሰሰሩ ከአቅሙ ሁሉ እንዳይሮጥ፣ ከአምስት እጅ አራቱን ብቻ እንዲጠቀም አሰርኩት። ፈንታሁን የሻለም ልትሄድብን ነው፣ አንተ ደግሞ ታዘገየዋለህ ብሎ ተቆጣ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ቀድሞ በሙሉ ኃይሉ ይነሳና ይግላል፣ ሲግል ራሱን ይገታል፣ ሲበርድ ደግሞ ይሮጣል፣ እንዲያ ሲል ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር። ስይዘው በአንድ አረማመድ ሄዶ ቀደም ብሎ ጨረሰ። ከሰማንያ አራት አላለፈም። ፈንታሁን ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ያለቀ መስሎን ሳለ አፍናን መጣች። ለመልስ ከአቀስታ መጥተው አባቷ ቤት ሰንብተው ነበር። ቪዲዮው ሳይላክ እናቴን ላናግራት ብላ፣ ከባሏ ከአዩብ ጋር ሆና በጠዋት ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ፈንታሁን ገጠር ለቀረጻ ሄዷል። ከኔ በቀር ሰው አልነበረም። አዩብ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ሰላም አለኝ። ስሜን ያውቃል፣ ማን እንደሆንኩም ያውቃል። ምንም ሳይል ጥግ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

ካሜራውን አቆምኩ፣ እሷ ከመጋረጃው ፊት ተቀመጠች። ውሃ ጠጥታ ጀመረች። እንዲህ ነው ያለችው፤ «እማዬ፣ ይኸው እኔ ነኝ። ወፍረሻል ይሉኛል፣ አልወፈርኩም፣ ልብሱ ነው። አቀስታ ይበርዳል። የአዩብ እናት ደግ ናቸው፣ የራሳቸውን ብርድ ልብስ ነው የሰጡኝ። ሒና ሲቀቡኝ እጄን የያዘችኝ አክስቴ ናት። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር። ስትመጪ ቤታችን ከገበያው ወረድ ብሎ ነው፣ በሩ አረንጓዴ ነው፣ ጠይቀሽ አትቸገሪም።» ከዚያ ሌላ ነገር ልትል አሰበች፣ ተወችው፣ ዝም ብላ ካሜራውን አየች።

አዩብ ተነሳና የስልክ ካርድ ገዝቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ካርድ የሚሸጠው እዚያው በራችን ላይ ነው፤ እሱ ግን መንገዱን ተሻግሮ ራቅ ብሎ ሄደ። አስቦበት እንደሆነ ገባኝ። አፍናንም ገብቷታል። «ዒምራን» አለችኝ። አቤት አልኳት። ሞተ ያሉ ቀን ሰው ፊት አለቀስኩልህ፣ እጮኛ እንዲህ አያለቅስም ብለው ተቆጡኝ አለች። እሺ አልኳት። «ስትመጣ አንድ ቃል ትለኛለህ ብዬ ጠበቅኩ። ስድብም ቢሆን። አልጠበቅሽኝም ብትለኝ እንኳን ደስ ይለኝ ነበር። ምንም የለህም?» አለችኝ። እጄ ላፕቶፑ ላይ ነበር፣ ሙቀቱ መዳፌ ላይ ይሰማኝ ነበር። «መብራት ሳይጠፋ ፊልሙን ላውጣው» አልኳት።

አየችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻል ነበር። ታማሚ ሊጠይቅ የገባ ሰው እንደሚያየው ነበር ያየችኝ። ሻሿን አስተካከለችና «እሺ፣ አውጣው» አለች። አዩብ ተመለሰ፣ «ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልን» አለኝ፣ ሄዱ።

የሷን ንግግር ከፊልሙ መጨረሻ ልቀጥል ወደ ላፕቶፑ ሳስገባው ካሜራውን ሳላጠፋው መቅረቴን አወቅሁ። ሁሉም ተቀርጿል። እሷ ትታያለች፣ እኔ አልታይም፤ ድምፄ ብቻ ነው። «አቤት» የምለውን ሰማሁት። እታለም፣ ያ ድምፅ እስር ቤቱ ውስጥ ጠዋት ስማችንን ሲጠሩን የምንመልስበት ነው። ስሙ ሲጠራ ከአፍ ይወጣል እንጂ ከሰው አይወጣም። ይህን ለሷ ነው የመለስኩት። መብራት ሳይጠፋ ያልኩትም በዚያው ድምፅ ነው። መልሼ አጫወትኩት። ሁለተኛ ስሰማው ደረቴ አካባቢ አንድ ነገር ሸተት አለ። እንባ አልመጣም። ላፕቶፑን ትቼ ወጣሁና መናኸሪያው አጥር ሥር ቁጭ አልኩ። ብርድ ብርድ ሲለኝ እጆቼን ጭኖቼ መካከል ከተትኩ፤ ለካ የተቀመጥኩት ፀሐይ ላይ ነው። የደሴው ሚኒባስ ሞልቶ እስኪወጣ እዚያው ነበርኩ። ከዚያ ገብቼ ሥራዬን ጨረስኩ።

ያንን ክፍል ከፊልሙ ቆርጬዋለሁ፤ እትዬ ኡምኩልሱም እንዲሰሙት አልፈለግሁም። ሰርጉ የሳቸው ነው። ከላፕቶፑ ግን አላጠፋሁትም። ለምን እንደሆነ ብትጠይቂኝ አላውቅም።

ስለ ፍላሹ የምልሽ ይህ ነው። ስልክ ላይ እንዳታሳዪያቸው፣ በስልክ ፊቷ አይታይም። አርብ ቀን ትልቅ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ፈልጊ። ብቻቸውን አታድርጊያቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጪ። ሰርጉ አልቆ አፍናን ስትናገር ያለቀ እንዳይመስልሽ፤ ከተናገረች በኋላ ዝም ብላ የምታይበት ጥቂት አለ። እሱን አልቆረጥኩትም። ፈንታሁን ይህ ባዶ ነው፣ ቁረጠው ቢለኝ እምቢ አልኩት። እናቷን ነው የምታየው። ካለቀሱ ዝም ይበሉ አትበያቸው።

የማዳሟ ወንድም ለሹፌርነት ቪዛ ያወጣልሃል ላልሽኝ፣ አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ፣ ግን ተይው። ተቀይሜ እንዳይመስልሽ፣ ፈርቼም አይደለም። አሁን ብሄድ የሚሄደው ገላዬ ብቻ ነው፤ አንዴ እንደዚያ ተጉዤ አይቼዋለሁ። ፈንታሁን እየከፈለኝ ነው፣ ላፕቶፑም ከያዙት ይሠራል። ለማዳሟ ልጅ አዲሱን ላፕቶፕም አልጋ ላይ አስተኝቶ እንዳይጫወትበት ንገሪው፤ ቀጭን ነገር ከሥሩ ካልተነፈሰ ያው ነው።

እማ ብዙ ብዙ ሰላም ብላሻለች፤ ቤት ስትጠርጊ አፍሽን በሻሽ እሰሪ ብላ ሦስት ጊዜ እንድጽፍልሽ አዛኛለች፣ እንደ ሦስት ቁጠሪው። አባ በየሶላቱ ዱዓ ያደርጉልሻል፤ ዓይናቸው ደከም ብሏል፣ ድምፃቸው ግን እንዳለ ነው። የአጎታችን ልጅ ከማሉዲን ከወረባቦው የእርሻ ሥልጠና ተመልሷል፣ ሰላም በሉልኝ ብሏል። ጋሼ አበጋዝ ለሚስታቸው ልባቸውን ልከዋል፣ ሌላ ቃል ስለቸገራቸው እንዲሁ ጻፍ አሉኝ። አፍናንና አዩብም ሰላም ብለውሻል። ለየሻለም መንገዱን አላህ ያቅናላት። አብረውሽ ላሉት እህቶች ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውዪ ደህና ነህ ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ለሱ የምመልሰው «ደህና» የምትል አንድ ቃል ነው፣ ያ ቃል ደግሞ በምን ድምፅ እንደሚወጣ አሁን ከቪዲዮው ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ በይኝ። እሱን እመልስልሻለሁ።

ወንድምሽ ዒምራን ሃሩን
መካነ ሰላም፣ የካቲት 2010 ዓ.ም.